ሁለት ፖሊስ በአንድ ገመድ፦ ከደብረ ብርሃን እስከ አልዩ አምባ የሚያስቅ ፊልም እንዴት ይጻፋል?

ቪዲዮ ቤት አግዳሚ ላይ ተጠጋግቶ «ረሽ አወር»ን (እ.ኤ.አ. 1998) ያየ ሰው፣ እንግሊዝኛው ባይገባው እንኳ ጃኪ ቻንና ክሪስ ተከር ለምን እንደሚያስቁ ገብቶታል። ሁለቱ ፖሊሶች አይስማሙም፤ መለያየትም አይችሉም። ሩጫውም ድብድቡም ከዚህ በኋላ የመጣ ጌጥ ነው። የአማርኛ ሲኒማ በፍቅር ኮሜዲ እጁን ሲያፍታታ ኖሯል፤ ወደ ፖሊስ ጣቢያው ኮሜዲ ግን ያን ያህል አልገባም። ይህ መመሪያ «እስቲ ልግባበት» ለሚል ጸሐፊ ነው።

ለልምምድ የምንወስደው ሰሜን ሸዋን፣ ደብረ ብርሃንንና አንኮበርን ነው። በዚያ አገር ሁለት የማይዋደዱ ሰዎች ተጣምረው ፍትሕ ፍለጋ መንገድ መውጣታቸው የቆየ ወግ ነው። ከታች የሚመጡት ሁለት ፖሊሶችና ጉዳያቸው ለትምህርት የተፈጠሩ ናቸው፤ መንገዱ፣ ብርዱና ወጉ ግን ያለ ነገር ነው።

1. ከቀልዱ በፊት ገመዱን ፈልጉ

ጀማሪ ጸሐፊ ብዙ ጊዜ የሚነሣው ከቀልድ ነው፤ «እሱ እንዲህ ሲል እሷ እንዲህ ብትለውስ» ይላል። እንዲህ የተጻፈ ፊልም ጥቂት ደቂቃ ያስቅና ይደርቃል። ቀድሞ መመለስ ያለበት ጥያቄ ሌላ ነው፤ እነዚህ ሁለት ሰዎች ካልተዋደዱ ለምን አይለያዩም?

መልሱን የድሮው የሙግት ሥርዓት አሳይቶናል። አበዳሪና ተበዳሪ፣ ከሳሽና ተከሳሽ ዳኛ ፊት እስኪቀርቡ ድረስ በነጠላቸው ጫፍ ይቋጠሩ፣ ነገሩ ሲከብድም በሰንሰለት ይተሳሰሩ ነበር። ቁራኛ የሚባለው ይህ ነው። እስቲ አስቡት፤ ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ (እ.ኤ.አ. 1813–1847) አንኮበር ተቀምጠው ሸዋን በሚገዙበት ዘመን ሁለት የመንዝ ባላንጣዎች ተቆራኝተው ወደ ንጉሡ ችሎት ይሄዳሉ። አንዱ ሲጠማው ሌላውም ምንጭ ይወርዳል። አንዱ ሲተኛ ሌላውም ይጋደማል። አንዱ ሜዳ ሊወጣ ሲል ሌላው ፊቱን አዙሮ ይቆማል። አቀበቱ ላይ አንዱ ቢወድቅ ሌላው ሊያነሣው ግድ ነው፤ ካላነሣው አብሮ ይጎተታላ። አንድም ቀልድ ሳይነገር ፊልሙ ተጀምሯል።

ሌባሻይም አለላችሁ። ዕቃ ሲሰረቅ ባለሙያው ለአንድ ልጅ መድኃኒት ያጠጣና ወገቡን በገመድ አስሮ ይለቀዋል፤ ልጁ እየተንገዳገደ ሲሮጥ ሰውየው ገመዱን ይዞ ከኋላ ይከተላል፤ ልጁ የወደቀበት ቤት ባለቤት ሌባ ተብሎ ይያዛል። ንጹሕ ሰው የሚጎዳበት ክፉ ሥርዓት ነበር። ለጸሐፊ ግን አንድ ነገር ያስተምራል፤ ሁለት ሰዎች በአንድ ገመድ ሲጓተቱ ማን ማንን እንደሚመራ አይታወቅም። ኮሜዲውም ያለው እዚያው ላይ ነው።

ዛሬ ፖሊሶችን በሰንሰለት ማሰር ስለማይቻል ሌላ ገመድ ያስፈልጋል። በ«ፎርቲ ኤይት አወርስ» (እ.ኤ.አ. 1982) ገመዱ ሰዓት ነው፤ ኒክ ኖልቲ ኤዲ መርፊን ከወኅኒ የሚያወጣው ለ48 ሰዓት ብቻ ነው። የእኛን ገመድ እንዲህ እንጠምዝዘው። ደብረ ብርሃን ላይ የአንድ ዕድር ድንኳን ይሰረቃል። ጉዳዩ የተሰጣት ምክትል ኢንስፔክተር አዲስ አበባ ያደገች፣ ሰንዳፋ ፖሊስ ዩኒቨርሲቲ የተማረች የ28 ዓመት ሴት ናት። የተመደበላት ዋና ሳጅን ደግሞ ሃምሳን የተሻገረ የአንኮበር ሰው ነው፤ የተሰረቀው ዕድር ዳኛም እሱው ነው። ከሳሹ ራሱ መርማሪ ሊሆን ነውና በደንቡ ከጉዳዩ ልታስወጣው ይገባል። ካስወጣችው ግን አንድም የዕድሩ ሰው አፉን አይከፍትላትም። እሱም በፊናው ጥሏት መሄድ አይችልም፤ የፒክአፑ ነዳጅ የሚቀዳው በእሷ ፊርማ ነው።

ወደሚቀጥለው ደረጃ ከማለፋችሁ በፊት ይህን ዓረፍተ ነገር ሙሉ፦ «ሁለቱ ነገ ጠዋት የማይለያዩት … ስለሆነ ነው።» ባዶ ቦታው ላይ «አለቃቸው ስላዘዘ» ብቻ ከገባ ገመዱ ገና ቀጭን ነው። ሁለቱም አንዳቸው ከሌላቸው የሚፈልጉት ነገር ሲኖር ይወፍራል።

2. ሁለቱንም ልክ አድርጉ

አንዱን ብልኅ ሌላውን ጅል ማድረግ ቀላሉ መንገድ ነው፤ ቶሎ የሚያሰለቸውም እሱ ነው። ጅሉ አፉን ሲከፍት ምን እንደሚል ተመልካቹ ቀድሞ ያውቃላ። የሚያዛልቀው ሁለት ልክ ሰዎችን ማጋጨት ነው። በእንግሊዞቹ «ሆት ፈዝ» (እ.ኤ.አ. 2007) የለንደኑ ሳጅን ሥራው ከመጠን በላይ የሠመረ በመሆኑ ባልደረቦቹን አሳጥቶ ወደ ገጠር ከተማ ይላካል። ደንቡን ጠንቅቆ ያውቃል፤ በዚያች ከተማ ግን ከሚያሳድደው ነገር አንዱ ያመለጠ ዳክዬ መሳይ ትልቅ ወፍ ነው። ሰውየው አልተሳሳተም፤ ቦታው ግን በሌላ ሕግ ይኖራል።

በጥንድ ማሳቅ ለእኛም እንግዳ አይደለም። የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ተመልካች ደረጀ ኃይሌንና ሀብቴ ምትኩን፣ ልመንህ ታደሰንና አለባቸው ተካን ስማቸውን በአንድ ትንፋሽ መጥራት የለመደው በምክንያት ነው። ጥንድ ሲሠምር አንደኛው ሲናገር ዓይናችን የሚያርፈው በሌላኛው ፊት ላይ ነው። በስክሪፕታችሁም ከእያንዳንዱ ንግግር በኋላ የሰሚው ፊት ምን እንደሚሆን ካላወቃችሁ ትዕይንቱ አልተጻፈም።

ለልምምድ አንድ ወረቀት ለሁለት ክፈሉ። በግራ ኢንስፔክተሯ በትክክል የምታውቀውን ጻፉ፦ ፊርማ ያለበት ሰነድ አይክድም፤ ምስክር ለብቻው ይጠየቃል፤ ዝምድና ምርመራን ያበላሻል። በቀኝ ሳጅኑ በትክክል የሚያውቀውን፦ ሰው ሲጠየቅ ይዋሻል፣ ሲጨዋወት ይናገራል፤ የማን ልጅ መሆኑን ያላወቁት ሰው ምስክርነቱ አይመዘንም፤ ዛሬ ያሰሩት ሰው ነገ ለቅሶ ላይ አጠገብዎ ይቀመጣል። ሁለቱንም ዝርዝር አንብባችሁ «እውነት ነው» ካላችሁ ጥንዱ ተገኝቷል።

3. ማዕረግንና ዕድሜን አላትሙ

አማርኛ ለዚህ ዓይነቱ ፊልም የሰጠው ትልቅ ሀብት አክብሮቱ ነው። ፖሊስ ጣቢያ ውስጥ ማዕረግ ይናገራል፤ ከጣቢያው ደጃፍ አንድ እርምጃ ሲወጡ ዕድሜ ይናገራል። አለቃዋ ልጅ፣ ታዛዡ አባት የሚሆን ሰው ሲሆን እያንዳንዱ ሰላምታ ድርድር ይሆናል።

«ሳጅን፣ ሪፖርቱን ያምጡልኝ።»

«እሺ ልጄ።»

«ኢንስፔክተር ነው የሚባለው።»

«እሺ፣ ኢንስፔክተር ልጄ።»

እዚህ ላይ ማንም ማንንም አልሰደበም። እሷ «እርስዎ» ማለቷን አልተወችም፤ እናቷ ያሳደገቻት እንደዚያ ነዋ። እሱም ትእዛዟን አልጣሰም። ሳቁ የመጣው ሁለቱም ጨዋ ለመሆን ሲጣጣሩ ነው። ይህን ክር እስከ መጨረሻው ያዙት። በስብሰባ ላይ፣ በተጠርጣሪ ፊት፣ መኪና ውስጥ ለብቻቸው ሲሆኑ፣ ሲናደዱና ሲፈሩ ማን ማንን ምን ብሎ እንደሚጠራ ለየብቻ ጻፉት። ሳጅኑ የመጀመሪያዋን «አንቺ» የሚያስወጣው በንቀት እንዳይሆን፤ መኪናው ገደል አፍ ላይ ሲንሸራተት «ልጄ፣ ያዢ!» ብሎ ቢሆን ይሻላል። ከዚያ በኋላ ይቅርታ ልጠይቅ ወይስ ልተወው ብሎ ሲብሰለሰል አንድ ሙሉ ትዕይንት ታገኛላችሁ።

ሴት መሆኗን ብቻ ቀልድ አታድርጉት። ሳጅኑን የሚያስቸግረው የእሷ ሴትነት ከሆነ ፊልሙ ያረጀ ነው፤ የሚያስቸግረው ልጁን የምታህል ሰው ልክ መሆኗ ከሆነ ግን እያንዳንዱ አባት በተመልካች ወንበር ላይ ይነቃነቃል።

4. ወንጀሉን አሳንሱ፣ ጉዳቱን አግዝፉ

የአሜሪካ ፊልም አደንዛዥ ዕፅና በሚሊዮን የሚቆጠር ዶላር ያመጣል። እናንተ የዕድር ድንኳን አምጡ። ለውጭ ሰው ሸራና ብረት ነው። ዕድርተኛ ግን ድንኳን ሲጠፋ ምን እንደሚከተል ያውቃል፤ ለቅሶ ሊደርስ ነው፣ ሰው ሊመጣ ነው፣ ዝናብ አለ፣ ብርድ አለ፣ ሐዘንተኛው የት ይቀመጣል? ውርደቱ የአንድ ቤት ሳይሆን የሰፈሩ ነው።

ድንኳን ለኮሜዲ የሚመች ሌላም ጠባይ አለው። ትልቅ ነው። የሰረቀው ሰው ሊጠቀምበት ከፈለገ በአደባባይ መትከል አለበት። ወርቅ የሰረቀ ይደብቃል፤ ድንኳን የሰረቀ ግን ከሩቅ ይታያል። ሁለት መርማሪዎች ሰማይ ሙሉ ነጭ ሸራ ፍለጋ አገር ለአገር ሲዞሩ፣ በየለቅሶውና በየሠርጉ ያልተጠሩ እንግዳ ሆነው ሲገቡ፣ ኢንስፔክተሯ የድንኳን ስፌት ልትመረምር አንገቷን ስታቀና ሐዘንተኞቹ ለጸሎት መስሏቸው አብረው ሲያቀኑ አስቡ።

ጊዜም ያስፈልጋል። በሰፈሩ አንድ ታማሚ አዛውንት አሉ። መምህረ ንስሐቸው መጥተው ተሰናብተዋል፣ ልጆች ከአዲስ አበባ ገብተዋል። እሳቸው ግን ድንኳኑ መሰረቁን ሲሰሙ «ሳይገኝማ አልሞትም» ይላሉ። በየጠዋቱ ሳጅኑን አስጠርተው «ከምን ደረሰ?» ይሉታል። ከዚህ በኋላ ፍለጋው በፈጠነ ቁጥር ምን እንደሚቀርብ ሁሉም ያውቃል። ሳጅኑ አዛውንቱን ይወዳቸዋል፤ ስለዚህ አንዳንድ ቀን ፍንጭ አግኝቶ ዝም ይላል፣ መኪናውንም በዝግታ ይነዳል። ተመልካቹ እየሳቀ ጉሮሮውን አንድ ነገር ይይዘዋል። «ሌታል ዌፐን» (እ.ኤ.አ. 1987) ከሌሎች የፖሊስ ፊልሞች ተለይቶ የቆየው ከቀልዱ ሥር ሚስቱን ያጣ ሰው ሐዘን ስላለ ነው። ከሳቁ ሥር እንዲህ ያለ እውነተኛ ነገር አንድ ብቻ አኑሩ፤ ሁለት ከሆነ ፊልሙ ይከብዳል።

5. መንገዱን አሠሩት

ቦታ ለፎቶ ብቻ ከሆነ ገንዘብ ማባከን ነው። ከደብረ ብርሃን አንኮበር 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ከአንኮበር ደግሞ ወደ አልዩ አምባ ቁልቁል ይወረዳል። በዚህ አጭር መንገድ ሦስት አየርና ሦስት ሕግ አለ።

ደብረ ብርሃን ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ በ15ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ከሰማይ የታየውን ብርሃን አይተው የከተሙባት፣ ከ2,800 ሜትር በላይ የተቀመጠች፣ ብርድ ልብስ ፋብሪካ ሲተከልባት «ለምን?» ብሎ የሚጠይቅ የሌለባት ከተማ ናት። ቢሮው፣ ማህተሙ፣ ዩኒቨርሲቲው እዚህ ነው፤ እዚህ የምታሸንፈው ኢንስፔክተሯ ናት። የምታሸንፈው ግን እየተንቀጠቀጠች ነው። ሳጅኑ ዩኒፎርሙ ላይ ጋቢ ደርቧል። «ደንብ አይፈቅድም» ትለዋለች፤ «ደንቡ የተጻፈው አዲስ አበባ ነው፣ ሲጻፍ ፀሐይ ነበር» ይላል።

አንኮበር ጫፍ ላይ ሲደርሱ ጉሙ ይመጣል። ጭላዳዎቹ መንገዱ መሐል ተቀምጠው ሣር ይነጫሉ፤ ጥሩምባ አይሰሙም። እዚህ የሰው ዘር ቆጠራ ይጀምራል፤ ሳጅኑ የማያውቀው አባወራ የለም፣ መኪናውም በየመቶ ሜትሩ ለሰላምታ ይቆማል። አልዩ አምባ ሲወርዱ ደግሞ ሙቀት ነው። የደጋው ሰው፣ አርጎባውና አፋሩ ከጥንት ጀምሮ የሚገበያዩበት ቦታ ነውና ሳጅኑም እዚህ እንግዳ ነው። ኢንስፔክተሯ መምህር የነበሩ አርጎባ ሽማግሌ አግኝታ ስትግባባ፣ እሱ ጋቢውን የሚያስቀምጥበት አጥቶ ያልበዋል።

ብዙዎች የዚህ ዘውግ ቀዳሚ በሚሉት በአኪራ ኩሮሳዋ «ስትሬይ ዶግ» (እ.ኤ.አ. 1949) ወጣቱና አንጋፋው መርማሪ የተሰረቀ ሽጉጥ ሲፈልጉ የቶኪዮ ሙቀት ከፊልሙ መጀመሪያ እስከ መጨረሻ ያላባቸዋል። የአየር ጠባይ ያለ ክፍያ የሚሠራ ተዋናይ ነው። ጋቢውን ተከተሉት፤ በፊልሙ መጀመሪያ ማን ትከሻ ላይ ነበር፣ መጨረሻ ላይ ማን ትከሻ ላይ አረፈ?

6. ጭቅጭቁን ከበልሃ ልበልሃ ተማሩ

የሁለት ፖሊሶች ፊልም ግማሹ መኪና ውስጥ የሚደረግ ንትርክ ነው። ንትርኩ ስድብ ሲሆን ያደክማል፤ ሙግት ሲሆን ያስቃል። በልሃ ልበልሃ በሚባለው የድሮ ችሎት ሙግት ተሟጋቹ ይነሣል፣ ነጠላውን ያጣፋል፣ ዱላውን ይቀስራል፣ ነገሩን ከሩቅ አምጥቶ በዜማ ይወረውራል፤ ከዚያም በማር ወይም በበቅሎ ይወራረዳል። ሥርዓቱ ትልቅ፣ ነገሩ ትንሽ ሲሆን ሳቅ ይመጣል። ስለዚህ ነገሩን አሳንሱት። ጎማ ተነፈሰ እንበል፤ ተቀያሪ ጎማ የለም።

ሳጅኑ ከመኪናው ይወርዳል። ጋቢውን ያጣፋል።

«መኪናው ሲነሣ ነዳጅ የፈረመ ማነው? ነዳጅ የፈረመ መኪናውን አየ። መኪናውን ያየ ጎማውን አየ። ጎማውን ያየ ሌላኛው መጉደሉን አየ። አይቶ ዝም ያለ ምን ይባላል?»

«ሳጅን፣ እዚህ መንገድ ላይ አልከራከርም።»

«አልከራከርም ያለ ተረታ። አንድ ጉንዶ ማር።»

«ምን?»

«ተረትተው ማር አለብዎት።»

ዝም ትላለች። ከዚያ የመኪናውን በር ከፍታ ትወርዳለች። የምታጣፋው ጋቢ የላትም፤ የአንገት ልብሷን ታጣፋለች።

«ትናንት ማታ መኪናው የማን ደጅ አደረ?»

ከዚህ በኋላ የምትጽፉትን ታውቁታላችሁ። ብልኃቱ የሙግቱን ሥርዓት መጀመሪያ ላይ የሚያውቀው እሱ ብቻ መሆኑ ነው። በሁለተኛው ሙግት እሷም ተምራለች። በሦስተኛው ቀድማ የምትወራረደው እሷ ናት፤ የማሩ ዕዳ ማን ላይ እንደ ተከመረ ተመልካቹ ይቆጥር። ቀልድ ሲደጋገም አይክፋችሁ፤ ሲደጋገም ባለቤቱን እስከቀየረ ድረስ ይበረታል።

7. ምርመራውን ለሦስት ስኒ አስረዝሙት

በፖሊስ ፊልም ውስጥ ምርመራ ጠባብ ክፍል፣ መብራትና ጠረጴዛ ነው። እናንተ ጎረቤላ ውሰዱት፤ ከድንኳኑ ጋር የጠፋው የዕድሩ ዕቃ ቤት ጠባቂ እኅት ቤት። ሴትዮዋ ቡና ታፈላለች። ኢንስፔክተሯ በአቦል ማስታወሻዋን ታወጣለች፤ ሳጅኑ በከስክስ ጫማው የእግሯን ጣት ይረግጣታል። ስለ ገብሱ፣ ስለ ውርጩ ይወራል። በቶና ስለ ላሟ ሕመም ይወራል፤ ኢንስፔክተሯ ሰዓቷን ታያለች፣ ሴትዮዋም ታያታለች፣ ጨዋታው ይቀዘቅዛል። ሳጅኑ ተነሥቶ ላሟን ሊያይ በረት ይገባል፤ ኢንስፔክተሯ ደብተሯን ይዛ ትከተለዋለች። ፍጹም ቁም ነገር ባለው ፊት የላሟን ምላስ ሲያይ፣ እሷ ሳታስበው ይህንንም ትጽፋለች። በበረካ፣ ማንም ምንም ሳይጠይቅ፣ ሴትዮዋ እጣኑን እየጨመረች «እኔማ ሙሽሪት ዝናብ እንዳይመታት ብዬ ነው የፈራሁ፤ ደግነቱ ወንድሜ ድንኳን አገኘ» ትላለች።

በዚህ ትዕይንት ኢንስፔክተሯ ዝምታን ትማራለች፤ ሳጅኑም ሦስት ስኒ ሙሉ ያስጠበቀው ነገር የራሱን ዕድር ሰው እንደሚያስር ይገባዋል። ሳቁና ፍንጩ ባንድ ላይ መጥተዋል። የምትጽፉት እያንዳንዱ የሳቅ ትዕይንት ጉዳዩን አንድ እርምጃ ካላራመደ፣ የቱንም ያህል ቢያስቅ ይውጣ።

8. ሰፈሩን ሁሉ አስገቡ

አውጫጭኝ በሚባለው የድሮ ሥርዓት ወንጀል ሲፈጸም የአካባቢው ሰው በሙሉ አንድ ቦታ ይሰበሰባል፤ ጥፋተኛው ካልታወቀ ወደ ቤት የሚሄድ የለም። ይህን ወደ ዕድር ስብሰባ አምጡት። ሳጅኑ በሩን ዘግቶ «ድንኳኑን ያየ ይናገር፤ ሳይነገር አንወጣም» ይላል። ስለ ድንኳኑ የሚናገር የለም። ግን ካለፉት ዓመታት የጠፋው ሁሉ ይወጣል። የማን ድስት በማን ቤት እንደ ቀረ፣ ሁለት ደርዘን ብርጭቆ ከየትኛው ተዝካር በኋላ እንደ ጎደለ፣ አግዳሚ ወንበሩ የማን ጠላ ቤት እንደ ተቀመጠ። ኢንስፔክተሯ ሁሉንም መዝግባ በመጨረሻ 14 የተጠርጣሪ ስም ይዛ ትወጣለች፤ አንዱም ስለ ድንኳን አይደለም።

እዚህ ላይ ለትናንሾቹ ገጸ ባሕርያት ሰዓት ስጡ። እያንዳንዱ የሚፈልገው አንድ ግልጽ ነገር ይኑረው፤ አንዷ ድስቷን፣ አንዱ ወንበሩን፣ አንዱ ቶሎ መውጣትን። ሰፈርተኛው ሁሉ ቀልደኛ ሆኖ ከቀረበ ግን ማንም አያስቅም። ሰዎቹ የምራቸውን ናቸው፤ ሳቁ የተመልካቹ ነው።

9. ጠመንጃውን አስቀምጡ

በሆሊውድ ተኩስ ጌጥ ነው። የተኩስ ድምፅ እውነት በሚሰማበት አገር የሚኖር ተመልካች ግን በተኩስ ላይ ለመሳቅ ጆሮው አይፈቅድለትም። ሽጉጡን ከሁለቱም ወገብ አውጡት፤ ፊልሙ ምንም አይጎድልበትም። ምትክ ከፈለጋችሁ «በሕግ አምላክ!» የሚለው ጥሪ አለላችሁ። ድሮ ይህ ሲጠራ የሚሮጥ ሰው ቀጥ ይል ነበር። ሳጅኑ ገደሉ አፋፍ ላይ ቆሞ በሙሉ ድምፁ ይጠራል። የሚሮጠው ዕቃ ቤት ጠባቂም ይቆማል። ኢንስፔክተሯም ትቆማለች። ከታች ጤፍ የሚያጭዱት ገበሬዎች፣ መንገደኛው፣ አህያ ነጂው ሁሉ ቀጥ ይላል። ከዚህ በኋላ ሁሉም ቆሟልና መጀመሪያ ማን ይንቀሳቀስ?

ማን ላይ እንደሚሳቅም ወስኑ። በቴሌቪዥን ኮሜዲያችን ከተማ የገባ ባላገር መንገድ ሲያቋርጥ መሳቅ የተለመደ ነው፤ የአነጋገር ዘይቤ ማስመሰልም እንደዚያው። ለአርጎባው፣ ለአፋሩም ሆነ ለመንዜው ቋንቋው መቀለጃ አይሁን። ቀልዱ ወደ ላይ ይሂድ፤ ወደ ማህተሙ፣ ወደ ማዕረጉ፣ «ነገ ተመለሱ» ወደሚለው ቢሮ፣ ወደ ሁለቱ ዋና ሰዎች ኩራት።

10. መጨረሻው ላይ ሕጋቸውን አለዋውጡ

ብዙ ደካማ ፊልም የሚሞተው እዚህ ነው። ሁለቱ ይተቃቀፋሉ፣ «ካንተ ብዙ ተማርኩ» ይባባላሉ፣ ሙዚቃ ይገባል። የእኛ ገመድ የሚፈታው በሥራ ይሁን።

አልዩ አምባ ላይ ድንኳኑ ይገኛል። ሠርግ ተደግሷል፣ ሰው ሞልቷል፣ ሙሽሪት ተቀምጣለች። ዕቃ ቤት ጠባቂው አንድ ወረቀት ያወጣል፤ ድንኳኑ ለሠርግ እንዲከራይ የተሰጠ ፈቃድ ነው። ከግርጌው ፊርማ አለ። ኢንስፔክተሯ ታነባለች፣ ቀና ትላለች።

«የፈረሙት እርስዎ ነዎት።»

ሳጅኑ ከስብሰባ በኋላ፣ ያለ መነጽር፣ ሰውን አምኖ ከፈረማቸው ብዙ ወረቀቶች አንዱ ነበር። በእሷ ሕግ ወንጀል የለም፤ ፊርማ አለ። በእሱ ሕግ ግን ጥፋት አለ፤ ድንኳን የሚጠብቅ በሽተኛ እያለ ሳይነግር ማከራየት ነውር ነው። አሁን አለዋውጧቸው። ሳጅኑ «ፈርሜያለሁ፤ በጽሑፍ ይያዝልኝ» ይበል። ድንኳኑ አሁኑኑ ተነቅሎ ይጫን የሚል ትእዛዝ በእጇ ያለው ኢንስፔክተሯ ደግሞ ሙሽሪትን አይታ ትእዛዙን አጥፋ ኪሷ ትክተተው፤ ሠርጉ እስኪያበቃ ትቀመጥ፤ ሲያጎርሷትም እንቢ አትበል። እያንዳንዳቸው በሌላኛው ሕግ ፈረዱ። ከእንግዲህ ማቀፍም ንግግርም አያስፈልግም።

በማግሥቱ ድንኳኑ ደብረ ብርሃን ሲገባ አዛውንቱ ሊያዩት ተደግፈው ይወጣሉ፤ ሸራው ላይ የወጥ ጠብታ ያያሉ። «በዚህማ አልቀበርም፤ ይታጠብ» ይላሉ። ሳጅኑ በዕድሩ ሰው ሁሉ ፊት ዞሮ «ኢንስፔክተር፣ ምን ያዛሉ?» ይላታል፤ «ልጄ» የለም። ወደ መኪናው ሲመለሱ፣ ማንም በማይሰማበት፣ «ጋሼ፣ ማሩን መቼ ነው የሚከፍሉኝ?» ትለዋለች።

11. ከመቅረጻችሁ በፊት ፈትኑት

የጨረሳችሁትን ስክሪፕት ለሁለት ሰዎች ስጡና ጮክ ብለው ያንብቡት። አንዱ ከደብረ ብርሃን ወይም ከአንኮበር፣ አንዱ አካባቢውን ከማያውቅ ቢሆን ጥሩ ነው። የአገሩ ሰው ብቻ ከሳቀ ጥንዱ ገና ነው፤ የውጭው ሰው ብቻ ከሳቀ አገሩን አሹፋችሁበታል። ሁለቱም በአንድ ቦታ ከሳቁ እዚያ ላይ ምልክት አድርጉ። ከዚያ አራት ነገር ጠይቁ።

አንደኛ፣ ስሞቹን ብትሸፍኑ ተናጋሪው ማን እንደሆነ ከአነጋገሩ ይታወቃል? ሁለተኛ፣ አንደኛውን ፖሊስ ከትዕይንቱ ብታወጡት ትዕይንቱ ይፈርሳል? ካልፈረሰ ገመዱ ላልቷል። ሦስተኛ፣ ትዕይንቱ ባሕር ዳር ወይም አዋሳ ላይ ቢሠራ ለውጥ አለው? ከሌለው ቦታው ገና አልሠራም። አራተኛ፣ ቀልዱን ሁሉ ብታወጡ ጉዳዩ አሁንም ሊታይ ይገባዋል?

ለሥራው መጀመሪያ ትልቅ ገንዘብ አይጠየቅም። የጎማውን ሙግት ወይም የቡናውን ምርመራ ብቻ ውሰዱ፤ ሁለት ተዋናይ፣ አንድ ፒክአፕ ወይም አንድ ጀበና ይበቃል። ደብረ ብርሃን ከሆናችሁ ጠዋት፣ ብርዱ ሳይለቅ ቅረጹት፤ ተዋናዮቹ መንቀጥቀጥን ማስመሰል አይኖርባቸውም። ያን አንድ ትዕይንት ለሰው አሳዩ፤ ተመልካቹ ሲስቅ ማን ላይ ዓይኑን እንደጣለ ተከታተሉ። ዓይኑ በተናጋሪው ላይ ብቻ ከቀረ ወደ ሁለተኛው ደረጃ ተመለሱና የሰሚውን ፊት ጻፉ።